ሳታነብ አትፈርም

ልጄ፣

ይህ ደብዳቤ ያለህበት እስር ቤት ድረስ በአገራችን ቆንስል በኩል ነው የሚደርስህ። አንተ ጋ እስኪደርስ ሌላ ሰው ሊያነበው ስለሚችል ስለ ክሱ አልጽፍም። አንተም ስትመልስ እንዳትጽፍ። ስለ ጥርስህ ጻፍ። እናትህን ከፍርዱ ይልቅ እንቅልፍ የነሳት የጥርስህ ነገር ነው።

ትናንት ከእህትህ ጋር ውጭ ጉዳይ ሄደን ነበር። ያነጋገረችን ልጅ ምንም አልደበቀችንም። እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣው የቪየና የቆንስላ ግንኙነት ስምምነት አንቀጽ 36፣ ቆንስሉ እንዲጠይቅህና ጠበቃ እንዲያፈላልግልህ መብት ይሰጠዋል። ማስፈታት ግን አይችልም። እህትህ «ታዲያ ምን ሊረባን ነው?» ብላ ጮኸች። ማታ ስልኳ ላይ አንድ ነገር አገኘች። ሕንድ ስለ አንድ ዜጋዋ ፓኪስታንን ሄግ ያለው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ድረስ ከሳ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ተፈርዶላታል። ዳኞቹ ቆንስል መከልከሉ ጥፋት ነው፣ ጉዳዩም እንደገና ይታይ አሉ። ይፈታ ግን አላሉም። እዚህ ላይ ስትደርስ ድምጿ ወረደ።

አሁን የተያዘው ዝውውር ነው፤ የቀረህን ጊዜ አገርህ መጥተህ እንድትጨርስ። ሁለቱም መንግሥታት መስማማት አለባቸው፣ አንተም ጭምር። ፍርዱም የመጨረሻ መሆን አለበት። ስለዚህ ይግባኝህን እንድትተው ወረቀት ሊያመጡልህ ይችላሉ። በቋንቋህ ሳይነበብልህ፣ ጠበቃህ ሳያየው፣ እንዳትፈርም! ፈርመህ ዝውውሩ ቢቀር ይግባኙም አብሮ ቀረ ማለት ነው።

እየነዘነዝኩህ እንደሆነ አውቃለሁ። አንተ ሳትወለድ ሦስት ወር መስክ ሥራ ላይ ነበርኩ ያልኩህ ውሸት ነው። ታስሬ ነበር። ንብረት ክፍል ስሠራ አለቃዬ «ቶሎ በል፣ መኪናው እየጠበቀ ነው» ብሎ የርክክብ ወረቀት ዘረጋልኝ። እስክሪብቶውን እንኳ ከራሱ ኪስ አውጥቶ ነው የሰጠኝ። 40 ጎማ ተረክቤያለሁ ብዬ ፈረምኩ። መጋዘን ውስጥ የተገኘው 22 ነው። እናትህ አንተን በሆዷ ይዛ ስትመላለስ ከረመች። አፍሬ ዕድሜህን ሙሉ ደበቅኩህ። አጫውቼህ ቢሆን ኖሮ፣ የተያዝክ ዕለት ያቀረቡልህን ወረቀት ምናልባት አትፈርምም ነበር። ይሄ የኔ ጥፋት ነው፣ የኔ ጌታ።

ደግሞ ስምህን ልክ ፓስፖርትህ ላይ እንዳለው ጻፍ። ባለፈው በአንድ ፊደል ስህተት ፋይልህ ሁለት ሳምንት ቆመ። ስንት ጊዜ ልንገርህ? የመድኃኒትህን ስም ለቆንስሉ በወረቀት ስጠው።

እህትህ ፎቶህን ፌስቡክ ላይ ልትለቀው ነበር፣ ከለከልኳት። ከውጭ ጉዳይ እስከ ወሩ መጨረሻ ታገሱ ብለውናል። እስከዚያ እታገሳለሁ። ከዚያ በኋላ ግን እኔ ራሴ ነኝ የምለቀው።

ሹራብ ልኬልሃለሁ። ሲሰጡህ የመረከቢያ ወረቀት ያስፈርሙህ ይሆናል። እሱንም አንብበው።

አባትህ