ያ ሁሉ ደም የት ደረሰ?

ይድረስ ለወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ። ይህን ያህል ዓመት ጠፍቼ ብዕር ሳነሳ ማፈሬ አልቀረም። «ደም እየቀዳን የምንመልሰው ነገር የለም» ብለህ ከኤች አይ ቪ ጥናታችን ስትወጣ ፈሪ ብዬ የሰደብኩህ እኔ፤ ከዚያም ያኮረፍኩት እኔው።

እኚያ እናት ትዝ ይሉሃል? አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው የስምምነት ቅጹ ላይ ካተሙ በኋላ፣ በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ «የአምናው ደም የት ደረሰ?» ያሉን። አንተ አቀረቀርክ። እኔ «ላቦራቶሪ» አልኳቸውና ባለ ሐምራዊ ክዳኑን ብልቃጥ እያገላበጥኩ ቀጣዩን ሰው ጠራሁ። ውሸት አልተናገርኩም፤ መልስም አልሰጠኋቸውም።

ሰሞኑን ስለ ራካይ የኤች አይ ቪ ጥናት ሳነብ ነው ይህ ሁሉ የመጣብኝ። ደቡብ ኡጋንዳ፣ ቪክቶሪያ ሐይቅ አጠገብ ነው። እነ ዴቪድ ሰርዋዳ ከማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ፣ እነ ማሪያ ዋወርና ሮን ግሬይ ከአሜሪካ ሆነው በ1980ዎቹ መጨረሻ (ዓመቶቹን ሁሉ በእ.ኤ.አ. ቁጠራቸው) ጀመሩት፤ ከ1994 ወዲህ ደግሞ ያንኑ ሕዝብ መንደር ለመንደር ይከታተላሉ። ገንዘቡ በአብዛኛው የአሜሪካ፣ ደሙ የራካይ።

በ2000 ያወጡትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንዱ ቫይረሱ ያለበት፣ ሌላው ነፃ የሆነ 415 ጥንዶች። ከነፃዎቹ 90ዎቹ በክትትሉ ወቅት ተያዙ። በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ከ1,500 በታች የቫይረስ ቅጂ የነበራቸው 51 ሰዎች ግን ለአንድም የትዳር ጓደኛ አላስተላለፉም። ዛሬ መድኃኒቱን በወጉ የሚወስድና ቫይረሱ በምርመራ የማይታይበት ሰው በወሲብ አያስተላልፍም የምንለው፣ መንገዱ ከእነዚህ ሰዎች ደም ይነሳል።

ዘጠናዎቹ ግን አላስተኙኝም። መድኃኒቱ ያኔ እነሱ ዘንድ አልደረሰም። ውጤቱን ማወቅ ለፈለገ ይነገረዋል፤ ለባል ወይም ለሚስት መንገር ግን የራሱ የተመርማሪው ፈንታ ነበር። ጽሑፉን ያተመው መጽሔት አዘጋጅ ማርሻ ኤንጀል እንኳ በዚያው እትም የሥነ ምግባሩን ጥያቄ አንስታለች። አንተ ሻይ ቤት ቁጭ ብለህ ያልከውን ነገር ማለት ነው።

ስለዚህ ጥያቄህ ልክ ነበር። መውጣትህን ግን አሁንም አልወደውም፤ ልታኮርፈኝ ትችላለህ፣ ተራው ያንተ ነው። የራካይ ሰዎች ባይቀጥሉ ኖሮ፣ መድኃኒቱና ለመከላከያ የሚደረገው የወንዶች ግርዛት ከገቡ በኋላ አዲስ የሚያዘው ሰው መጠን እስከ 2016 በ42 በመቶ መቀነሱን ማን ይለካው ነበር? መቁጠር የሚቻለው ያው ሰው በየዓመቱ ክንዱን ሲዘረጋ ነው።

የእኛን ጥናት ውጤት ፈልጌ አገኘሁት። ታትሟል፤ በእንግሊዝኛ። ለመንደሩ ሰው እንዲሆን በአማርኛ ሁለት ገጽ አድርጌ ጽፌዋለሁ፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ታገኘዋለህ። «የቫይረስ መጠን» ብዬ ጻፍኩ፣ ሰረዝኩ፣ መልሼ ጻፍኩ። እኚያ እናት በሕይወት ካሉ ልጃቸው ሲያነብላቸው ምን ብለው ይረዱት ይሆን? ለሰው የሚገባ ቃል ድሮም የምታገኘው አንተ ነህ። በቀይ እስክሪብቶ አርመህ ላክልኝ፤ ቶሎ።

ያንተው