የጂኦግራፊ ክበብ፦ ታጁራን ያየንበት ዓመት

የጅቡቲ ከተማ ልጅ ባሕርን በደንብ የሚያውቅ ይመስለዋል። የክበባችን አባላትም እንደዚያው ነበሩ። አብዛኞቹ የትራንዚተር፣ የሾፌርና የወደብ ሠራተኛ ልጆች ናቸው። የኢትዮጵያ ዕቃ በየትኛው በር ገብቶ በየትኛው መንገድ እንደሚወጣ ቁጭ ብለው ያስረዷችኋል። ዓሣ አጥማጅ ግን አንዳቸውም አነጋግረው አያውቁም ነበር። በመስከረም ዕቅድ ስናወጣ ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ያለችውን የታጁራን ከተማ የመረጥነው ለዚህ ነው።

የመጀመሪያው ሴሚስተር በዝግጅት አለፈ። ካርታ ሣልን፣ የወላጅ ፈቃድ ሰበሰብን፣ በሚኒ ሚዲያ ስለ ባሕረ ሰላጤው አጫጭር ጽሑፎች አነበብን። ጉዞውን በገና ዕረፍት አደረግነው። በሙቀቱ ወራት ንዳድ ልጆች ይዞ መንገድ መውጣት እዚህ አገር አይታሰብም።

በፌሪ ተሻገርን። ታጁራ ከሩቅ ስትታይ ነጫጭ ቤቶቿ ውሃው ዳር ተደርድረዋል። ከኋላዋ የጎዳ ተራሮች ቀጥ ብለው ይነሳሉ። ትንሽ ከተማ ናት፣ በእግር ዞረው ይጨርሷታል። ሆኖም በዚህ ዳርቻ ካሉት ሁሉ ጥንታዊቷ እሷ ናት። ነዋሪዎቿ አፋሮች ናቸው። ሱልጣናቸውን «ደርደር» ይሉታል። ጅቡቲ ከተማ የተቆረቆረችው በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ነው። ታጁራ ግን ያኔ ብዙ ዘመን ያስቆጠረች የሲራራ ንግድ በር ነበረች።

ዓሣ አጥማጆቹን ያገኘናቸው በማለዳ፣ ከባሕር ሲመለሱ ነው። ጀልባዎቹ ትንንሽ የፋይበር ጀልባዎች ናቸው፣ ከኋላ አንድ ሞተር አላቸው። ብዙዎቹ የሚያጠምዱት በእጅ በሚያዝ ገመድና መንጠቆ ነው። አፋርኛ የሚችል ተማሪያችን አስተረጎመልን። የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ነው፣ እንደዚያን ቀን ኮርቶ አይቼው አላውቅም።

ከልጆቹ አንዷ አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ጠየቀቻቸው፦ «አባቴ፣ ውሃው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፣ ዓሣ ያለበትን ቦታ እንዴት ያውቁታል?» ሽማግሌው በጣታቸው የተራራውን ጫፍ አሳዩን። ከዚያ የመስጊዱን ሚናራ። ሁለቱ በአንድ መስመር ሲገጥሙ አንድ ምልክት ያዝኩ ማለት ነው አሉን። በሌላ በኩል ያለ ገደልና ከኋላው ያለ ኮረብታ ደግሞ ሲገጥሙ ሁለተኛውን ምልክት ይሰጣሉ። ሁለቱ መስመሮች በሚገናኙበት፣ እታች ዓሣ የሚሰበሰብበት ድንጋይ አለ። ይህን በክፍል ውስጥ በኮምፓስና በማስመሪያ ስናስተምር ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ መምህራን ታውቁታላችሁ። እዚያ በደቂቃ ገባቸው። ሽማግሌው የተማሩት ከአባታቸው ነው። ለእኔ ከዓመቱ ትምህርት ሁሉ ይህ ይበልጥብኛል።

ስለ በረዶም ነገሩን። በዚህ ሙቀት በረዶ ያልተጫነበት ዓሣ ረፋዱ ላይ ዋጋ ያጣል። ስለዚህ ዓሣ አጥማጁ ወደ ባሕር ከመውጣቱ በፊት የሚያስበው ስለ ነዳጅና ስለ በረዶ ነው። ተማሪዎቹ ይህን ሲሰሙ ጅቡቲ ከተማ ገበያ ላይ የሚያዩትን የዓሣ ዋጋ በሌላ ዓይን ማስላት ጀመሩ።

ከሰዓት በኋላ ስለ ታሪክ ተነጋገርን። እ.ኤ.አ. በ1841 ወደ ሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የተላከው የእንግሊዝ መልእክተኛ ሃሪስ አንኮበር ለመድረስ የተነሣው ከዚህ ነው። ሐረር ላይ ስሙን የምናውቀው ፈረንሳዊው ገጣሚ ራምቦም ለምኒልክ የሚሸጥ ጠመንጃ ይዞ እዚህ ወርዶ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1885 መጨረሻ ጀምሮ ወራት ሙሉ ግመልና ፈቃድ ሲጠብቅ ቆይቶ በኦክቶበር 1886 ተነሣ። ይህን ተማሪዎች ወደዱት። ያልወደዱትንም ነገርኳቸው። በዚያው መንገድ ከደጋው የሚወርደው ቡናና የዝሆን ጥርስ ብቻ አልነበረም፣ የሚሸጡ ሰዎችም ነበሩ። ብዙዎቹ ሕፃናት ነበሩ። ከዚህ ዳርቻ በጀልባ ተጭነው ወደ ዓረብ አገር ሄደዋል። ለልጆች ከባድ ነው ያሉኝ ወላጅ ነበሩ። እኔ ግን ቦታው ላይ ቆመን ይህን ዘለን ብናልፍ ትክክል አይሆንም ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ከከተማዋ ወጣ ብሎ ባለው የነጭ አሸዋ ዳርቻ ዋኙ። ኮራል ለመውሰድ የፈለጉ ነበሩ፣ ከለከልኩ። ሕይወት ያለው ነገር ነው፣ ቦታው ይቆይ።

የተመለስነው በየብስ፣ በአሳል ሐይቅ በኩል ነው። አሳል ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ላይ ይገኛል። በአፍሪካ ከእሱ ዝቅ ያለ ቦታ የለም፣ የእኛ ደናክል እንኳ ከእሱ ከፍ ይላል። ውሃው ከባሕር ውሃ አሥር እጥፍ ያህል ጨዋማ ነው። የባሕር ውሃ ጉቤት ከሚባለው የባሕረ ሰላጤው ጫፍ በኩል በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ እየሰረገ ይገባል፣ ፀሐይ ውሃውን ታተነዋለች፣ ጨው ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ1978 በጉቤትና በአሳል መካከል አርዱኮባ የተባለው እሳተ ገሞራ ፈንድቷል። ጥቁሩ ድንጋይ ዛሬም አዲስ ይመስላል። የአፋር ስምጥ ሸለቆን በመጽሐፍ የተማሩ ልጆች መሬት ስትሰነጠቅ በእግራቸው ረገጧት።

በዚያ መንገድ ላይ ግን ሌላም ነገር አየን። ወጣቶች በእግራቸው ይሄዳሉ። እጃቸው ላይ ሃይላንድ፣ እግራቸው ላይ ነጠላ ጫማ። አማርኛና ኦሮምኛ ነበር የሚናገሩት። አውቶቡሱን አስቁመን ውሃና ዳቦ ሰጠናቸው። አንዱ ልጅ የጠየቀን «ኦቦክ ስንት ሰዓት ይቀራል?» ብሎ ነው። ዕድሜው ከአሥረኛ ክፍል ተማሪዎቼ አይበልጥም። በሰሜን ጅቡቲ ካለችው የኦቦክ ከተማ ዳርቻ በጀልባ ወደ የመን፣ ከዚያ ወደ ሳዑዲ ለማለፍ ነው ሐሳባቸው። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 ብቻ፣ ከኦቦክ በስተሰሜን ጎዶሪያ አጠገብ፣ ከየመን ሲመለሱ የነበሩ ሁለት ጀልባዎች ሰጥመው ብዙ ወገኖቻችን ሞተዋል። አውቶቡሱ ውስጥ ለረጅም ሰዓት ዘፈን አልተከፈተም።

ከዚያ በኋላ ክበቡ የራሱን ሥራ ጀመረ። በሁለተኛው ሴሚስተር ተማሪዎቹ ራሳቸው ባነሡት ሐሳብ ስለዚህ መንገድ የግድግዳ ጋዜጣ አዘጋጁ። ሙቀቱን፣ ርቀቱን፣ ውሃ የሌለበትን ቦታ በካርታ አሳዩ። በወላጆች ቀን ከትልቁ የታጁራ ካርታ ጎን ተሰቀለ። አገር ቤት ዘመድ ያላቸው ወላጆች በስልካቸው ፎቶ አንሥተው ላኩት። ይህን ማንም አላዘዛቸውም።

ለመጪው ዓመት ሁለት ነገር አስበናል። ከኅዳር እስከ ጥር በአርታ ዳርቻ የሚመጡትን ዌል ሻርኮች ማየት እንፈልጋለን። በዓለም ካሉ ዓሦች ሁሉ ትልቁ ነው፣ የሚበላው ግን ደቃቅ የባሕር ሕይወት ነው። ሁለተኛ፣ ታጁራ ላይ ያገኘናቸውን ሽማግሌ ለአንድ ቀን ወደ ክፍላችን መጋበዝ እንፈልጋለን። ለጀልባ ኪራይና ለላይፍ ጃኬት የሚረዳን ወላጅ ካለ ቢሮዬ ድረስ ይምጣልን። አዲስ አባላት የምንመዘግበው በመስከረም ሁለተኛ ሳምንት ነው፣ ስማችሁን ለክበቡ ጸሐፊ ስጡ።