ስለ ሰሜን አየርላንድ ስናወራ የቤቱን ጉዳይ አንርሳ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በአገራችን ስለ ሥልጣን ክፍፍልና ስለ ዕርቅ በተነሣ ቁጥር የሰሜን አየርላንድ ስም ይጠራል። እኔ በምኖርበት በደብረ ብርሃንም፣ በዕድር ድንኳን ሥርም ሆነ በመምህራን ማረፊያ ክፍል፣ «ካቶሊክና ፕሮቴስታንት ሆነው ሠላሳ ዓመት ተፋጁ፤ በኋላም ወንበሩን እኩል ተካፍለው ታረቁ» የሚል አጭር ታሪክ ሲነገር እሰማለሁ። ይህን ታሪክ ፈጽሞ ሐሰት ነው አልልም። ዋናውን ነገር ግን ያስቀራል፤ በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል ያየን፣ ዛሬም ከየአቅጣጫው የተፈናቀሉ ወገኖቻችን በከተማችን ተጠልለው የምናይ ሰዎች ደግሞ ከሌላ አገር ትምህርት ስንወስድ ጎዶሎውን መውሰድ አይገባንም።

ጠቡን የሃይማኖት ጠብ ማለት ቀላል ነው፤ ነገር ግን ሰው የተገዳደለው በቁርባን ሥርዓት ተከራክሮ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1609 ጀምሮ ከስኮትላንድና ከእንግሊዝ መጥተው በአልስተር፣ ማለትም በደሴቲቱ ሰሜናዊ ክፍል፣ በተወረሰ መሬት ላይ የሰፈሩት ሰዎች ዘሮች በአብዛኛው ፕሮቴስታንት ሲሆኑ፣ አገራቸው ከብሪታንያ እንዳትለይ ይፈልጋሉ፤ ዩኒየኒስቶች የሚባሉት እነዚህ ናቸው። በአብዛኛው ካቶሊክ የሆኑት ብሔርተኞች ደግሞ የደሴቲቱን አንድነት ይሻሉ። እ.ኤ.አ. በ1921 አየርላንድ ስትከፈል ስድስት አውራጃዎች ሰሜን አየርላንድ ተብለው በብሪታንያ ሥር ቀሩ። በስድስቱ ውስጥ ዩኒየኒስቶች ብዙኃን ሆኑ፤ በመላው ደሴት ሲቆጠሩ ግን አናሳ ናቸው። ብሔርተኞቹ በደሴቲቱ ብዙኃን ሆነው ሳሉ በሰሜን አናሳ ሆነው ቀሩ። ሁለቱም ወገን የአናሳን ፍርሃት ይዞ የኖረው በዚህ ምክንያት ነው። የዩኒየኒስቶቹን ፍርሃት ማቃለል ተገቢ አይመስለኝም፤ ከብሪታንያ የተለየው የደቡብ አየርላንድ መንግሥት ሕገ መንግሥት ከ1937 ጀምሮ መላው ደሴት ግዛቴ ነው ይል ነበርና።

ፍርሃቱ ወደ ቀን ተቀን አስተዳደር ሲገባ ምን እንደሚመስል ለማየት ካሌደን የምትባለውን ትንሽ መንደር መመልከት ይበቃል። እ.ኤ.አ. በጁን 1968 የአካባቢው ምክር ቤት ካሠራቸው ቤቶች አንዱን፣ ልጆች ያሏቸው የካቶሊክ ቤተሰቦች ተራ እየጠበቁ ሳሉ፣ ላላገባች የ19 ዓመት ፕሮቴስታንት ወጣት ሰጠ። ኦስቲን ከሪ የተባለ የብሔርተኞች የፓርላማ አባል ይህን ተቃውሞ ቤቱ ውስጥ ገባና አልወጣም አለ፤ ፖሊስም በግድ አወጣው። ስለ አንድ ቤት ይህን ያህል ጫጫታ ለምን አስፈለገ የሚል አንባቢ ቢኖር የዘመኑን የምርጫ ሕግ ይመልከት። ለአካባቢ ምክር ቤት መምረጥ የሚችለው የቤት ባለቤት ወይም ቤት በስሙ የተከራየ ሰው፣ ከእነርሱም ጋር የትዳር ጓደኛ ነበር። በወላጆቹ ቤት የሚኖር ጎልማሳ ልጅ ድምፅ አልነበረውም፤ ከሰው ቤት ክፍል ተከራይቶ የሚኖር ደባልም እንዲሁ። ስለዚህ ቤት የሰጠ ድምፅ ሰጠ፣ ቤት የነሣም ድምፅ ነሣ። በዴሪ ከተማ ካቶሊኮች ብዙኃን ነበሩ፤ የምርጫ ክልሎቹ ግን ሆን ተብለው የተከፋፈሉ ስለ ነበሩ፣ በምክር ቤቱ የሚቀመጡት 12 ዩኒየኒስቶችና 8 ብሔርተኞች ነበሩ። ለካቶሊኮች ቤት ሲሠራ እንኳ ይህ ሚዛን እንዳይዛባ በአንዱ ክልል ውስጥ እንዲታጨቁ ይደረግ ነበር። የቀበሌ ቤት ሲታደል ያየ የእኛ አገር ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያሻውም።

ከዚያ በኋላ የሆነው የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 5 ቀን 1968 በዴሪ ቤት፣ ሥራና እኩል ድምፅ ብለው የወጡ ሰልፈኞች በፖሊስ ዱላ ተደበደቡ። በ1969 የብሪታንያ ጦር ገባ፤ ጃንዋሪ 30 ቀን 1972 በዚያችው ከተማ ወታደሮች በሰልፈኞች ላይ ተኩሰው 13 ሰዎች ገደሉ፤ አንድ ቁስለኛም በኋላ ሞተ። በጠቅላላው ወደ 3,500 የሚሆን ሕዝብ አለቀ። ከግማሽ የሚበልጡት የሞቱት የደሴቲቱን አንድነት በጠመንጃ ለማምጣት በተነሣው አይ.አር.ኤ በተባለ ታጣቂ ቡድንና በመሰሎቹ እጅ መሆኑን፣ የዩኒየኒስት ወገን ታጣቂዎችና የመንግሥት ኃይሎችም ብዙ ሰው መግደላቸውን ሳይደባብቁ መናገር ያስፈልጋል።

እኔ ላሰምርበት የምፈልገው ግን በዚህ ሁሉ መካከል የተደረገውን፣ ብዙም የማይወራለትን ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 የቤት ጉዳይ ከአካባቢ ምክር ቤቶች እጅ እንዲወጣና ለአንድ ራሱን ለቻለ ተቋም እንዲሰጥ ተወሰነ። ቤት ጠያቂው የልጆቹ ብዛት፣ ያለበት ቤት ጥበትና ጉስቁልና እየታየ ነጥብ ይሰጠው ጀመር፤ የማን ወገን መሆኑ ነጥብ አያስገኝለትም። በ1976ና በ1989 በሥራ ቅጥር ላይ አድልዎን የሚከለክሉ ሕጎች ወጡ። ከ2001 ጀምሮ ፖሊሱ ስሙም አደረጃጀቱም ተለውጦ፣ ምልመላው ለ10 ዓመት ብቻ ግማሽ ለግማሽ እንዲሆን ተደረገና 8 በመቶ ገደማ የነበረው የካቶሊክ ፖሊሶች ድርሻ 30 በመቶ አካባቢ ደረሰ። እርምጃው የማብቂያ ጊዜ የተቆረጠለት መሆኑን ልብ ይሏል። ጦርነቱን እነዚህ ሥራዎች ብቻቸውን አላስቆሙትም። ሆኖም ሕዝቡን ወደ አደባባይ ያወጣው ቅሬታ መልስ ባያገኝ ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1998 በስቅለት ዕለት የተደረሰበት ስምምነት የሚቆምበት መሬት የሚያገኝ አይመስለኝም።

የስምምነቱ ታላቅ ነገር፣ በእኔ አስተያየት፣ ማንንም ማንነትህን ተው አለማለቱ ነው። የሰሜኑ ነዋሪ አየርላንዳዊ፣ ወይም ብሪታንያዊ፣ ወይም ሁለቱንም ነኝ ሊል ይችላል፤ አገሪቱ ለማን ትሁን የሚለውም በጠመንጃ መወሰኑ ቀርቶ ለብዙኃኑ ድምፅ ተተወ። ደቡቡም በሕገ መንግሥቱ ያሰፈረውን የግዛት ይገባኛል ባይነት ለወጠ። በሰሜን 71፣ በደቡብ 94 በመቶ ድምፅ ሰጪ ደገፈው።

እኛ ዘንድ ብቻውን ተነጥሎ የሚወደሰው ግን ሌላው ክፍል፣ የሥልጣን ክፍፍሉ ነው። ጠመንጃው ዝም እንዲል ማስፈለጉን አልክድም። ይሁን እንጂ የጋራው መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2007፣ ከ2017 እስከ 2020፣ ደግሞም ከ2022 እስከ 2024 ቆሞ ነበር፤ አንዱ ትልቅ ፓርቲ ካኮረፈ ሁሉም ነገር ይቆማልና። የምክር ቤት አባል ሲገባ «ዩኒየኒስት»፣ «ብሔርተኛ» ወይም «ሌላ» ብሎ መመዝገብ አለበት፤ የሁለቱም ወገን ስምምነት በሚጠየቅባቸው ከባድ ጉዳዮች ላይ የ«ሌላ» ድምፅ ክብደቱ ያንሳል። በ2022ቱ ምርጫ ከሁለቱም ወገን አይደለንም ያለው አሊያንስ የተባለ ፓርቲ ከ90 መቀመጫዎች 17 ቢያገኝም ሕጉ አልተለወጠለትም። በቀበሌ መታወቂያ ላይ ብሔሩን የጻፈ ሰው ይህ ምን ስሜት እንደሚሰጥ ያውቃል።

ውጥረቱም አላበቃም። በአንዳንድ ሰፈሮች የመንገዱ ጠርዝ ድንጋይ ሳይቀር በአንዱ ጎዳና በብሪታንያ ሰንደቅ ዓላማ ቀለም ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ፣ ጥቂት እልፍ ሲሉ በአየርላንድ ሰንደቅ ዓላማ ቀለም አረንጓዴ፣ ነጭና ብርቱካናማ ተቀብቷል። እ.ኤ.አ. በ2012 የዋና ከተማዋ የቤልፋስት ምክር ቤት የብሪታንያ ሰንደቅ ዓላማ በተወሰኑ ቀናት ብቻ እንዲሰቀል ሲወስን ለሳምንታት ሁከት ሆነ፤ ከ2017ቱ መፍረስ በኋላ መንግሥቱ ቶሎ እንዳይመለስ ካደረጉት ጉዳዮች አንዱም የአየርላንድ ቋንቋ ሕግ ነበር። አብዛኞቹ ልጆች አሁንም ተለያይተው ይማራሉ። ወንበር መካፈል እነዚህን አልፈታቸውም።

ስለዚህ ለዝግጅት ክፍሉ የማቀርበው ጥያቄ አለኝ። ስለ ሀገራዊ ምክክር ስትጽፉ የሰሜን አየርላንድን ምሳሌ የምታነሡ ከሆነ፣ የ1998ቱን ስምምነት ሙሉ ቃል በአማርኛ በተከታታይ ብታወጡልን፣ ከእርሱም ጎን የ1971ዱ የቤት ተቋም ነጥብ እንዴት ይሰጥ እንደ ነበር የሚያስረዳ ጽሑፍ ብትጨምሩልን፣ በወረዳና በቀበሌ ደረጃ ቤትና መሬት የሚያድሉ ሠራተኞችም ያነቡታል ብዬ አምናለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የታሪክ መምህር፣ ከደብረ ብርሃን