ፋይዳ የማይጠይቀውና የሚጠይቀው

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ስለ ፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ የሚጻፈው በአብዛኛው በተመዝጋቢው ብዛት ላይ ያተኩራል። እኔ ግን ሥርዓቱ ሲነደፍ የተላለፉት፣ ላይ ላዩን የቴክኒክ ብቻ የሚመስሉ ውሳኔዎች የበለጠ ሊያነጋግሩን ይገባል ባይ ነኝ።

አንዱ ውሳኔ ምስጋና ይገባዋል። ለዓመታት በያዝነው የቀበሌ መታወቂያ ላይ በብዙ ቦታ «ብሔር» የሚል መስመር ነበር፤ ፋይዳ ይህን አይጠይቅም። የቤልጂየም ቅኝ አስተዳደር በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሩዋንዳ መታወቂያ ላይ ያስገባው የጎሣ መለያ፣ በ1994 (እ.ኤ.አ.) በየኬላው ማን ይገደል ማን ይለፍ ለመለየት እንደዋለ ለሚያውቅ ሰው፣ ከቅጽ ላይ አንድ መስመር መተው ቀላል ነገር አይደለም።

በሚጠይቀው በኩል ግን ሥጋት አለኝ። ፋይዳ የአሥር ጣት አሻራ፣ የሁለት ዓይን አይሪስ (በብሌኑ ዙሪያ ያለው ቀለም ያለው ክፍል) እና የፊት ምስል ይወስዳል። የግንበኛ፣ የድንጋይ ጠራቢና የሸክላ ሠሪ ጣት በሥራ ብዛት፣ የአረጋውያን ደግሞ በዕድሜ መስመሩ ስለሚደበዝዝ፣ መሣሪያው አሻራቸውን ለማንበብ ይቸገራል። በህንድ አድሃር በተባለው መታወቂያ ሳቢያ አሻራቸው ባለመነበቡ የድጎማ እህል ሳያገኙ የተመለሱ ሰዎች ብዙ አከራክረዋል። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2018 (እ.ኤ.አ.) መታወቂያውን ለመንግሥት ድጎማ ሲያጸድቀው፣ ከባንክ ሒሳብና ከስልክ ቁጥር ጋር በግዴታ መያያዙን ግን ሽሯል። እኛ ዘንድ ባንኮች ሒሳብ ለመክፈት ፋይዳን መጠየቅ ይዘዋል።

በፋይዳ ማንነትን ለማረጋገጥ በስልክ የሚላከው ኮድም ሌላ ጥያቄ ያስነሳል። የራሳቸው ስልክ የሌላቸው እናት በልጃቸው ወይም በጎረቤት ቁጥር ከተመዘገቡ፣ ኮዱን የሚያየውና በእርሳቸው ስም ፈቃድ የሚሰጠው ስልኩን የያዘው ሰው ነው።

ፋይዳ የተመሠረተበት፣ በባንጋሎር የተጀመረው ሞሲፕ የተባለ ክፍት ሶፍትዌር፣ አሻራ መስጠት የማይችልን ሰው በልዩ ሁኔታ ለመመዝገብ ያስችላል። እንግዲህ ክፍተቱ ያለው በአብዛኛው ከምዝገባ በኋላ፣ አገልግሎት በሚሰጥበት መስኮት ላይ ነው፤ «ሲስተሙ አልተቀበለዎትም» የሚለውን መልስ የማንሰማበት መሥሪያ ቤት ጥቂት ነው።

የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 እና የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥተዋል። ስለሆነም ማንኛውም ተቋም ፋይዳን ግዴታ ከማድረጉ በፊት፣ አሻራው ላልተነበበለትና ስልክ ለሌለው ሰው የሚሠራበትን አማራጭ በጽሑፍ አስቀምጦ በመስኮቱ ላይ እንዲለጥፍ፣ በዚህ ምክንያት ሳይስተናገዱ የተመለሱ ሰዎችንም ቁጥር መዝግቦ በየጊዜው ለሕዝብ እንዲያሳውቅ የሚመለከታቸው አካላት እንዲያስገድዱት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጋዜጣችሁ አንባቢ
ከአዲስ አበባ