በቅንፍ ውስጥ ስላለችው ቃል

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፤ አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እኛ፣ አልሐምዱሊላህ፣ እዚሁ ጎንደር አዲስ ዓለም ደህና ነን።

አራት ዓመት ሙሉ ሳልጽፍልህ የቆየሁት የመጨረሻው ቃሌ እያሳፈረኝ ነው። ያን ምሽት ከመግሪብ በኋላ የአማርኛውን የቁርኣን ትርጉም ገልጠን፣ ሱረቱ ጧሃ ላይ ስለ አላህ ዙፋን «በዐርሹ ላይ (ስልጣኑ) ተደላደለ» ከሚለው ስንደርስ፣ አንተ በቅንፍ ያለችውን ቃል በጣትህ ሸፍነህ «ይህች በዐረብኛው የለችም» ብትለኝ፣ እኔ አላህን ከፍጡር ታመሳስላለህ ብዬ ተነሣሁብህ። ለወንድም የማይባል ቃል ነውና አፉ በለኝ።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን ሳገላብጥ ከረምኩ። በአእምሮ ማስረጃ የሚመሩት የጥንት የእምነት ቡድን ሙዕተዚላዎች፣ ከአላህ ዛት፣ ከራሱ ከህላዌው፣ የተለዩ ዘላለማዊ ሲፋዎችን፣ ማለት ባሕርያትን፣ ማጽደቅ ተውሒድን፣ የአላህን አንድነት፣ ያፈርሳል ብለው ሰጉ፤ ቁርኣን ፍጡር ነው የሚለው አቋማቸው በ833 በኸሊፋው መእሙን ትእዛዝ ሲጫንም፣ አልልም ያሉት የሐዲስ ሊቁ ኢማም አሕመድ ኢብን ሐንበል ታሰሩ፣ በኋላም ተገረፉ።

እኔን ያስጨነቀኝ ግን «እጅ» የሚለው ነው። በአማርኛችን «ከተማው በእጁ ገባ» ሲባል መዳፉን የሚያይ ስለሌለ፣ የአላህን እጅ ችሎታ ብሎ መፍታት ቀላል መስሎኝ ነበር። በሱረቱ ሷድ ግን አላህ ኢብሊስን ስለ አደም ሲጠይቀው «በሁለት እጆቼ ለፈጠርኩት» ይላል። ሁለት ችሎታ ምን ማለት ነው? ኢብሊስስ በአላህ ችሎታ የተፈጠረ አይደለምን? የእምነት ሊቁ አቡል ሐሰን አል-አሽዐሪ ከሙዕተዚላ ከወጡ በኋላ ተእዊሉን፣ ማለት እጅን ችሎታ ብሎ የመፍታቱን መንገድ፣ ተቃውመው እጅን «ቢላ ከይፍ»፣ እንዴት ሳይሉ አጸደቁ፤ ወደ ተእዊል አብዝተው ያዘነበሉት ከእርሳቸው በኋላ የመጡት ናቸው። እኔ የእርሳቸውን ስም ይዤ ነበር የሞገትኩህ።

የመዲናው ሊቅ ኢማም ማሊክ «ተደላደለ» ስለ ተባለው ኢስቲዋእ እንዴትነት ሲጠየቁ፣ ላብ እስኪያጠምቃቸው አቀርቅረው ቆይተው ነው የመለሱት፦ ኢስቲዋው የታወቀ ነው፣ እንዴትነቱ አይደረስበትም፣ ማመኑ ግዴታ ነው፣ መጠየቁ ቢድዓ፣ በሃይማኖት የተጨመረ አዲስ ነገር፣ ነው። እኔ ያን ምሽት ለመልስ እንዴት ቸኮልኩ!

ያም ሆኖ የተርጓሚዎቹ ስጋት አሁንም ይገባኛል። ቅንፏን ብናነሣ «ተደላደለ» ብቻውን ለእኛ ጆሮ መቀመጥን ያመጣል፤ «እርሱን የሚመስል ምንም የለም» ያለው አንቀጽ ደግሞ በዚያው ትንፋሽ «ሰሚው፣ ተመልካቹ» ይለዋል። ከሰለፎች፣ ከቀደምት ሙስሊም ትውልዶች፣ የተላለፈውን ይዘን «ከፍ አለ» ብንለውስ? ቃሏን በጣትህ የሸፈንካት አንተ ነህና፣ ያየኸውን ጻፍልኝ።