ማህደር ውስጥ ያልታየ ፕላኔት ለመፈለግ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ከኔፕቱን ወዲያ ያልታወቀ ትልቅ ፕላኔት ካለ፣ ምስሉ አስቀድሞ ተነስቶ ማንም ሳያየው በአንዱ የመረጃ ማህደር ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ነገር ከዚህ በፊትም ደርሷል። ኤሪስ የተባለችው ድንክ ፕላኔት ያለችበት ምስል የተነሳው እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2003 ነው፤ መኖሯ የታወቀው ግን በጃንዋሪ 2005 ነበር። የመፈለጊያው ፕሮግራም በሰዓት ከ1.5 አርክሰከንድ (አርክሰከንድ የአንድ ዲግሪ 3,600ኛ ክፍል ናት) በታች የሚጓዘውን ሁሉ እንዲጥል ስለታዘዘ አልፏት ነበር። ሴድና የተባለችው ሌላ ሩቅ አካል ከዚያ ገደብ ብዙም ያልራቀ ፍጥነት ይዛ ስትገኝ፣ የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ማይክ ብራውንና ባልደረቦቹ ገደቡን ዝቅ አድርገው የቆዩ ምስሎቻቸውን እንደገና ፈተሹ፤ ኤሪስም ወጣች። በ2025 ይፋ የሆነው 2017 ኦኤፍ201 የተባለው ሩቅ አካልም የተገኘው ከ2011 እስከ 2018 ከተነሱና ማህደር ከገቡ ምስሎች ነው። ፀሐይን አንድ ጊዜ ለመዞር 25,000 ዓመት ያህል ይፈጅበታል።

ስለዚህ ይህ ጥሪ ቴሌስኮፕ ለመግዛት አይደለም። ምስሎቹ የተጠበቀላቸው የባለቤትነት ጊዜ ካለፈ በኋላ ማንም በነፃ የሚያወርዳቸው ናቸው። የጎደለን ማስቀመጫ ዲስክ፣ ማስሊያ ግራፊክስ ካርድና የሰው ዓይን ነው።

የችግሩ ሥር ርቀት ነው። የፀሐይ ብርሃን ሲሄድም ሲመለስም ስለሚሳሳ፣ አንድ አካል ሁለት እጥፍ ሲርቅ ድምቀቱ በ16 እጥፍ ይቀንሳል። ኮንስታንቲን ባቲጊንና ማይክ ብራውን በ2016 አለ ብለው ያቀረቡት ዘጠነኛ ፕላኔት ደግሞ ከፀሐይ በመቶዎች የሚቆጠሩ የሥነ ፈለክ አሃዶች ይርቃል፤ አንዱ አሃድ በምድርና በፀሐይ መካከል ያለው ርቀት ነው። በ500 አሃድ ላይ ያለ አካል፣ ምድር ስለምትጓዝ ብቻ፣ በሰዓት 0.3 አርክሰከንድ ያህል ፈቀቅ ሲል ይታያል። የምንሠራበት ዳርክ ኢነርጂ ካሜራ በቺሊ ሴሮ ቶሎሎ ባለው ባለ 4 ሜትሩ ብላንኮ ቴሌስኮፕ ላይ የተገጠመ ሲሆን፣ አንዱ ፒክስሉ 0.26 አርክሰከንድ ይሸፍናል። እንግዲህ ጉዞው በሰዓት አንድ ፒክስል፣ በቀን 27 ፒክስል ገደማ መሆኑ ነው። በደቂቃዎች ልዩነት የተነሱ ምስሎች ለዚህ ሥራ አይረቡም፤ ፕላኔቱ እንደ ማንኛውም ኮከብ ተገትሮ ይታያል። ቢያንስ የተለያዩ ሌሊቶች ያስፈልጋሉ።

ሥራው የሚጀምረው ምስል በመምረጥ ነው። ከፀሐይ በተቃራኒ አቅጣጫ ያለ፣ እኩለ ሌሊት ላይ ከፍ ብሎ የሚታይ የሰማይ ክፍል እንመርጣለን። ከዚያ አቅጣጫ በሁለት ወር ገደማ የራቀ ምስል ከተወሰደ፣ በማርስና በጁፒተር መካከል ያሉ ተራ አስትሮይዶች አቅጣጫ ሊቀይሩ ሲሉ ቀስ ስለሚሉ የሩቅ ዓለም መስለው ያታልላሉ። የተመረጡት ምስሎች ጋያ የተባለው የአውሮፓ የጠፈር ቴሌስኮፕ ባዘጋጀው የከዋክብት ዝርዝር ልክ አንዱ በሌላው ላይ ይገጥማሉ፤ ከዚያም ከእያንዳንዳቸው ላይ የማይንቀሳቀሰውን ሰማይ የያዘ ማመሳከሪያ ምስል ይቀነሳል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ማመሳከሪያው ከእነዚያው ሌሊቶች ምስሎች ከተሠራ፣ ዘገምተኛው ፕላኔት ራሱ ማመሳከሪያው ውስጥ ይገባና ራሱን በራሱ ያጠፋል። ስለዚህ የሌላ ዓመት ምስል እንጠቀማለን። በ500 አሃድ ላይ ያለ አካል በዓመት ሁለት አርክደቂቃ (120 አርክሰከንድ) ያህል ስለሚሄድ፣ በዓመቱ በዚያው ሰሞን የቀድሞ ቦታው ባዶ ይሆናል።

ቀጥሎ ማንሸራተትና መደረብ ይመጣል። አንድ ፍጥነትና አንድ አቅጣጫ ገምተን 20 ምስሎችን በዚያው ልክ እያንሸራተትን እንደርባለን። ግምቱ ትክክል ከሆነ ደካማው ብርሃን አንድ ነጥብ ላይ ይጠራቀማል፤ ምልክቱ በምስሉ ላይ ካለው የዘፈቀደ ነጠብጣብ አንፃር በምስሎቹ ብዛት ካሬ ሥር ልክ፣ ማለትም 4.5 እጥፍ ያህል፣ ይጎላል። ግምቱ ከተሳሳተ ግን ምንም አይታይም። በሰዓት ከ0.15 እስከ 1 አርክሰከንድ ያለውን ፍጥነት ለሦስት ሌሊት ለመሸፈን፣ አቅጣጫውን በ30 ዲግሪ ውስጥ ወስነንም፣ ለአንድ የሰማይ ሜዳ (ካሜራው በአንድ ጊዜ ለሚያየው የሰማይ ክፍል) 1,300 ያህል ግምት መሞከር አለበት። ሌሊቶቹ ስድስት ከሆኑ ቁጥሩ አራት እጥፍ ይሆናል። ግራፊክስ ካርድ ያስፈለገን ለዚህ ነው።

አሁን ወደምንጠይቀው እንምጣ። የካሜራው አንድ ምስል 570 ሜጋፒክስል ነው፤ ሳይታመቅ 2.3 ጊጋባይት ይይዛል። ሃያው 46፣ የተቀነሰው ምስልና የየፒክስሉን አስተማማኝነት የሚያሳየው የስህተት ካርታ ሲጨመርበት 140 ጊጋባይት ገደማ ይሆናል። ለመጀመሪያው ዙር ያቀድነው 100 ሜዳ ስለሆነ 14 ቴራባይት ይመጣል ማለት ነው። በሁለት የተለያየ ቦታ ቅጂ እናስቀምጣለን፤ በየቦታው 4 ባለ 8 ቴራባይት ዲስክ፣ ከአራቱ የአንዱ ያህል ቦታ ለብልሽት መጠባበቂያ፣ አንድ ተቀያሪ ዲስክ ደግሞ መደርደሪያ ላይ። በድምሩ 10 ዲስክ። ዲስክ በዓይነት የምትሰጡ እባካችሁ ሲኤምአር (የጽሕፈት መስመሮቹ የማይደራረቡበት ዓይነት) መሆኑን አረጋግጡ። ኤስኤምአር የሚባለው፣ መስመሮቹ የሚደራረቡበት ዓይነት፣ አንዱ ተበላሽቶ ሌላው ሲተካ ጽሕፈቱ እጅግ ስለሚዘገይ፣ መልሶ ግንባታው ሳያልቅ ሌላ ዲስክ ሊወድቅብን ይችላል።

ግራፊክስ ካርድ ውድ መሆን የለበትም። ሥራው በአንድ ቺፕ ምስል፣ ማለትም በ2,048 በ4,096 ፒክስል፣ ተከፋፍሎ ስለሚሄድ 8 ጊጋባይት ማህደረ ትውስታ ይበቃል፤ ጌም የተጫወቱበት አሮጌ ካርድ እንቀበላለን። ማራገቢያው የሚዞርና አቧራው የተጠረገ ይሁን እንጂ። ካርዱን መላክ የማይመቸው ኮምፒውተሩን በሌሊት ሊያውሰን ይችላል።

ገንዘብ የምትለግሱ፣ ቅድሚያ የሚሰጠው ለዲስክ፣ ቀጥሎ ለኤሌክትሪክና ለኢንተርኔት ነው። ለማንም የጉልበት ዋጋ አይከፈልበትም፤ የግዢ ደረሰኝ ሁሉ ለለጋሾች ይታያል።

ዓይን ለመለገስ ሙያ አይጠይቅም። ፕሮግራሙ የመረጣቸውን ትንንሽ ቁራጭ ምስሎች ተመልክቶ መፍረድ ነው። እውነተኛ ነጥብ ክብ ሆኖ ጠርዙ ቀስ እያለ ይደበዝዛል። ስለታማ ጠርዝ ያለው አንድ ፒክስል ኮስሚክ ጨረር (ከህዋ የመጣ ቅንጣት ካሜራውን የመታበት ምልክት) ነው፤ ግማሹ ነጭ ግማሹ ጥቁር የሆነው በደንብ ያልተቀነሰ ኮከብ ነው፤ ደማቅ ኮከብ አጠገብ መስመር ሠርቶ የሚታየው ደግሞ ቴሌስኮፑ ራሱ የሚፈጥረው ብርሃን ነው። እያንዳንዱን ቁራጭ ሦስት ሰው ያየዋል፤ ካልተስማሙ ወደ አራተኛ ይሄዳል። በምስሎቹ ውስጥ እኛው የተከልናቸው ሐሰተኛ ፕላኔቶች አሉ፤ የትኞቹ እንደሆኑ አንነግራችሁም። ያለ እነሱ «ምንም አላገኘንም» ማለት ትርጉም የለውም፤ ስንት ብንተክል ስንቱን እንዳገኘን ካላወቅን ፍለጋው ምን ያህል ጥልቅ እንደነበር መናገር አንችልም።

ሁለት ጥያቄ እንደሚነሳ እንጠብቃለን። አንደኛው፣ ዘጠነኛው ፕላኔት ባይኖርስ? ሊሆን ይችላል። ለፕላኔቱ መኖር ማስረጃ ተብሎ የቀረበው የሩቅ አካላት ምሕዋር ወደ አንድ ወገን ማዘንበል ቴሌስኮፖቹ የት እንደተመለከቱ ብቻ የሚያሳይ ሊሆን እንደሚችል የሚከራከሩ ጠንካራ ጥናቶች አሉ። ለእኛ ፍለጋው በሁለቱም መንገድ ይጠቅማል፤ የሚገኙት ትንንሽ አካላት የትንንሽ የሰማይ አካላትን ዓለም አቀፍ መዝገብ ለሚይዘው ማይነር ፕላኔት ሴንተር ይላካሉ፣ ባዶ የሆነውም ሰማይ ከነጥልቀቱ ይመዘገባል።

ሁለተኛው፣ ሰማዩን ደጋግሞ የሚያነሳው ባለ 8.4 ሜትሩ የሩቢን ቴሌስኮፕ በ2025 የመጀመሪያ ምስሎቹን ካወጣ በኋላ ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ሩቢን አጠራጣሪ ነጥብ ባየ ቁጥር ምሕዋሩን ለማወቅ ዓመታት መጠበቅ ይኖራል። ያው ነጥብ በተጣራ የቆየ ምስል ላይ ከተገኘ ግን እነዚያ ዓመታት ወዲያው በእጃችን ናቸው። ለዚህም ሲባል የተጣሩት ምስሎች ለማንም ክፍት ይሆናሉ።

ሥራው የሚጀመረው የመጀመሪያዎቹ 5 ዲስኮች ሲሟሉ ነው፤ አሥሩን አንጠብቅም። ሁለተኛው ቅጂ እስኪሟላ ድረስ ለጥሬዎቹ ምስሎች መጠባበቂያ ቅጂ አንይዝም፣ ከጠፉ እንደገና ይወርዳሉ፤ የተመልካቾች ፍርድ ግን በየሌሊቱ ሌላ ቦታ ይገለበጣል።