የአይሲቲ ክበብ፦ ጳጉሜን የረሳው ኮሚት

ክበባችን ዘንድሮ የሠራው የቤተ መጻሕፍታችንን የውሰት መዝገብ የሚይዝ ፕሮግራም ነው። ስድስት ልጆች ፓይተን በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ ጻፉት። የየራሳቸውን ሥራ የሚያዋህዱት የኮድ ለውጦችን በሚመዘግብ ጊት በሚባል ፕሮግራም ነው። የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት በመማር አለፈ፤ መብራት ሲጠፋ ኮዱን ወረቀት ላይ እንጽፍ ነበር።

ትልቁ ትምህርት የመጣው ከጳጉሜ ነው። ነሐሴ 28 የተወሰደ መጽሐፍ የ14 ቀን ገደቡ መስከረም 7 ላይ ይውላል። ጳጉሜ 6 በምትሆንበት ዓመት ደግሞ መስከረም 6። ይህን የሚፈትሽ ቴስት፣ ማለትም ኮዱ በትክክል መሥራቱን የሚያረጋግጥ ትንሽ ፕሮግራም ነበረን። አንድ ልጅ ግን ስሌቱን ላቅልል ብሎ ወሩን ሁሉ 30 ቀን አደረገው። መመለሻው ጳጉሜ 12 ሆነ! ቴስቱን ሳያስኬድ ኮሚት አደረገ፣ ማለትም ለውጡን ጊት ላይ መዘገበ፤ ሌሎቹም ያንኑ ወሰዱ። ልጁ ላይ አልፈርድም። ቴስት ማስኬድ ለሰው ትዝታ ከተተወ አንድ ቀን መረሳቱ አይቀርም።

አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ መላ አመጣች። ጊት ኮሚቱን ከመመዝገቡ በፊት የሚያስኬደው ስክሪፕት አለ፤ ፕሪ-ኮሚት ሁክ ይባላል። ቴስቱን እዚያ አስገባችው። ቴስቱ ከወደቀ ኮሚቱ አይመዘገብም። በጣም ደስ አለን። በሳምንቱ ያው ስህተት ከሌላ ኮምፒውተር መጣ።

ለካ ሁክ የሚቀመጠው ጊት ለራሱ በያዘው ድብቅ ፎልደር ውስጥ ነው፤ ፕሮጀክቱ ሲቀዳ አብሮ አይሄድም። ደግሞም እሰየው ነው። አብሮ ቢሄድማ የማናውቀውን ሰው ፕሮጀክት በቀዳን ቁጥር የሱ ስክሪፕት እኛ ማሽን ላይ ሊሠራ ነው። ስለዚህ ሁኩን ከኮዱ ጋር በሚጋራ ፎልደር አስቀመጥነው። ከዚያ በየኮምፒውተሩ "ኮር ሁክስፓዝ" የሚባለውን ሴቲንግ ወደዚያ ፎልደር አዞርነው፤ ከጊት 2.9 ጀምሮ ያለ ነው። በአንድ ማሽን ላይ አንዴ ማድረግ ይበቃል። በዊንዶውስ ፈንታ ኡቡንቱ የሚባል ሲስተም ያለባቸው ሁለቱ ኮምፒውተሮች ግን እምቢ አሉ። ዊንዶውስ ላይ የተፈጠረው ፋይል እንደ ፕሮግራም የመሥራት ፈቃድ አልነበረውም። ጊት ማሳሰቢያ ጽፎ አልፎታል፤ ማሳሰቢያውን ያነበበ አልነበረም።

ኮሚት ሲያደርጉ "ኖ ቬሪፋይ" የሚል ትእዛዝ ጨምሮ ሁክን መዝለል እንደሚቻል ልጆቹ ቶሎ ደረሱበት። ይከልከል ወይስ ይተው? የዓመቱን መዝጊያ አሞራ ገደል፣ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ዓሣ እየበላን እንኳ ክርክሩ አልበረደም። በመጨረሻ የዘለለ ሰው ምክንያቱን በኮሚት መልእክቱ ላይ እንዲጽፍ ተስማማን። እስካሁን ሁለት ልጆች ጽፈዋል። ሁለቱም በቂ ምክንያት ነበራቸው።